ሁልጊዜ መሃል ላይ የምትቆመው ጠቋሚ

ጋሽ ሽቦ ዋሽቶ አያውቅም ይባላል። እንዲህ የሚለው ሰፈሩ ነው፤ እሱም ሲባል እየሰማ አንድ ቀን «ኧረ ተዉ» ብሎ አያውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ ያልተበላሸውን ተበላሽቷል ብሎ አልፈታም፣ ያልቀየረውን ቀየርኩ አላለም። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ኪሱ ቢራገፍ ሽቦ የማይወድቅበት ቀን ስለሌለ ትንሽ ትልቁ ጋሽ ሽቦ ይለዋል። ሚስቱ ስትቆጣ «ጋሽ»ን ታነሳና «ስማ አንተ ሽቦ!» ትለዋለች።

እንግዲህ ይህ ሰው አንዲት ውሸት ነበረችው። አንዲት ብቻ። ከሩዝ ፍሬ ብትበልጥ ጥቂት ነው። የደበቃትም በገዛ መኪናው ዳሽቦርድ ውስጥ፣ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎ፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ረሳት። ረሳት ስል፣ ሊረሳት ፈልጎ ነው የረሳት፤ ልዩነት አለው።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። መኪናዋን የገዙት አንዲት ልጃቸው መዳህ ስትጀምር ነበር። ያኔም አዲስ አልነበረችም። የፊት መብራቶቿ ክብ፣ መሪዋ ቀጭን፣ በሯ ካልወረወሩት የማይዘጋ፣ ሞተሯ ግን የማያሳፍር አሮጌ መኪና ናት። ጋሽ ሽቦ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት። ሚስቱም ትወዳታለች፤ ግን አንድ አመል ነበረባት፤ ሚስቱን ማለቴ ነው። መኪናዋ ውስጥ ከገባች የሙቀት ጌጁ ላይ ዓይኗን ተክላ አትነቅልም። እሱ መንገድ ያያል፣ እሷ ጌጅ ታያለች። ያቺ ቀጭን ቀይ ጠቋሚ ከመሃል ጸጉር የምታህል ከፍ ካለች በቃ፣ አለቀ።

«አቁም!»

«ኧረ ምንም አልሆነችም፣ ዳገት ስለሆነ ነው…»

«አቁም አልኩህ! ልጄን ይዤ አልቃጠልም!»

ይቆማል። ምን ምርጫ አለው? ከቤታቸው እስከ ታናሽ እህቷ ከተማ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ የተጠማዘዘ ረጅም ዳገት አለ። እነሱ ግን ስድስት ሰዓት ፈጅቶባቸው ያውቃል። አንድ ጊዜማ ዘጠኝ ቦታ አቁመው፣ ለእህቷ ልጅ ልደት ሲደርሱ ኬኩ ተበልቶ፣ እንግዳው ተበትኖ፣ የቀረው ወንበር ማጠፍ ብቻ ነበር። ወንበር አጥፈው ተመለሱ።

ጋሽ ሽቦ አስረዳ። ማለ። ለመነ። ወይ ፍንክች! ጭራሽ ነገሩ እየባሰ መጣ፤ መንገድ ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ጀምሮ ምግብ አልዋጥ ይላት ጀመር። ይሄኔ አንጀቱን በላችው። አንድ እሁድ እሷ ከውስጥ ልብስ ስትሰፋ እሱ ከደጅ ዳሽቦርዱን ፈታ። ሞተሩ ላይ ተሰክታ ሙቀቱን ከምታነበው ቡልቦ የሚመጣውን ሽቦ ቆረጠው። በምትኩ ከጌጁ ጀርባ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ የምታሳልፍ አንዲት ትንሽ ሬዚስተር በየደ። ከዚያ ቀን ወዲያ ቁልፉ ሲዞር ጠቋሚዋ ቀጥ ብላ መሃል ላይ ትወጣለች። ሞተሩ ቢበርድ መሃል፣ ቢፈላ መሃል። ሞተሩን እሱ በአፍንጫውና በጆሮው ይጠብቀው ጀመር፤ የጋለ ሞተር ሽታ ለሱ እንደ ጎረቤት ድምፅ የታወቀ ነው። ሲግልበትም የራሱ ዘዴ ነበረው።

ሚስቱ ምን አለች መሰላችሁ? «እሰይ! ተባረክ! ምን አድርገህላት ነው?»

«አስተካከልኳት» አለ።

አስተካከልኳት! ይህችን ቃል ባስታወሳት ቁጥር እስከ ዛሬ ጆሮው ትኩስ ይሆናል።

ዓመታት ነጎዱ። ልጃቸው አድጋ የራሷን ቤት መሠረተች። ጋሽ ሽቦ ጡረታ ወጣ፤ ጣቶቹ በመገጣጠሚያቸው ላይ አበጡ፣ ዓይኑም መነጽር ጠየቀ። ሚስቱ ግን ልብስ ስፌቷን አልተወችም። እንዲያውም ባለፈው ሰሞን፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ፣ ምሳ ላይ ማንኪያዋን ቁጭ አድርጋ «መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው» አለች። እሱ ሳቀ። በማግስቱ ጠዋት ተመዘገበች። ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራ አለፈች። ጋሽ ሽቦ በጊዜው ያለፈው በሁለተኛው ነው፤ ይህን እሷ ለስንት ሰው እንደነገረች ቤቱ ይቁጠረው።

ታናሽ እህቷ በዚያው ከዳገቱ ማዶ ባለው ከተማ አዲስ ቤት ገብታለች። አሥራ አንድ መስኮት ያለው ቤት ነው፤ የአሥራ አንዱንም መጋረጃ የምትሰፋው እሷ ናት። ቅዳሜ መጋረጃውን ጭና፣ ራሷ ነድታ፣ ብቻዋን ልትሄድ ቆርጣለች።

«እኔስ?» አለ ጋሽ ሽቦ።

«አንተ አጠገቤ ካለህ የምነዳው እኔ አይደለሁም፤ አንተ ነህ። እግርህ ወለሉን ሲረግጥ አላየሁም መሰለህ? ብቻዬን ነው የምሄደው።»

ማክሰኞ ጠዋት ሻዩን ፉት እያለ ሳለ ከደጅ ገባች። ፊቷ ላይ የድል ምልክት አለ።

«የመኪናህ ጌጅ ተበላሽቷል።»

«የቱ ጌጅ?»

«የሙቀቱ። አስተማሪዬ ምን አለችን? ሞተር ቀዝቃዛ ሲሆን ጠቋሚዋ ታች ናት፣ ቀስ እያለች ነው የምትወጣው። እኔ አሁን ቁልፉን ብቻ አዞርኩ፤ ሞተሩን እንኳ አላስነሳሁትም። ቀጥ ብላ መሃል! ደጅ ያደረ ሞተር ምን ሆኖ ነው የሚሞቀው? ጋቢ አልብሰኸው ነው?»

ሻዩ ጉሮሮው ላይ ቀጥ አለ። ሳለ። እንደገና ሳለ። እሷ ጀርባውን እየመታች ትስቃለች፤ «አርባ ዓመት ሠርተህ ያላየኸውን እኔ በሁለት ወር አየሁልህ!» እያለች።

አሁን ጉዱ ፈላ። ጌጁ እንዳለ ቢቀር፣ ቅዳሜ ያን ዳገት የምትወጣው በዕውር ጌጅ ነው። የሱ አፍንጫ የላትም። ሞተሩ ቢግል ጠቋሚዋ «መሃል ነኝ» እያለች ታታልላታለች፤ ጭሱ ከኮፈኑ ሲወጣ ነው የምታውቀው፣ ያውም በጠባብ መታጠፊያ ላይ፣ ብቻዋን። ቢነግራት ደግሞ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያመነችው ሰው አታላይ ሆኖ ሊገኝ ነው። ለሷ «እሱ አይዋሽም» ማለት ዛሬ ማክሰኞ ነው እንደማለት ነው፤ ተከራክራበት አታውቅም። ያንን ማጣት ፈራ። እናም የፈራ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ሦስተኛ መንገድ ፈለገ። «ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ» አለ። ሳታየው ፈትቶ፣ ሳታየው ነቅሎ፣ ሳታየው ሊገጥም።

ዕቅዱ ጥሩ ነበር። ጣቶቹ ናቸው ያልተስማሙት።

የዚያች መኪና የጌጆች ሰሌዳ እንዲወጣ ከጀርባው የተሰካው የፍጥነት መቁጠሪያ ገመድ መጀመሪያ መላቀቅ አለበት። ገመዱን ደግሞ ማየት አይቻልም፤ ከመሪው ሥር እጅ ሰዶ በዳበሳ ነው የሚፈታው። በወጣትነቱ እየዘፈነ የሚፈታው ነገር ነበር። አሁን ያበጡት ጣቶቹ እስከ አንጓው ይደርሱና እዚያው ይቀረቀራሉ። ማክሰኞ ከሰዓት ታገለ። ረቡዕ በጀርባው ተኝቶ፣ እግሩን በበር አውጥቶ፣ አንገቱ እስኪጣመም ታገለ። ሌላ ሠራተኛ እንዳይጠራ፣ ሠራተኛው ሰሌዳውን ሲገለብጥ «ጋሽ ሽቦ፣ ይሄን ጉድ የሠራው ማን አባቱ ነው?» ሊለው ነው። በሙያው ታፍሮ የኖረ ሰው እንዴት ብሎ!

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሚስቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ደጅ ወጣች።

«ሦስት ቀን ሙሉ ያየሁት እግርህን ብቻ ነው። ውጣ እስቲ።»

«ልጨርስ ነው…»

«ውጣ አልኩህ። ምንድን ነው ያስቸገረህ?»

ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። እየተንተባተበ ስለ ገመዱ ነገራት። ተቀመጠች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ያንን ቀጭን እጇን ከመሪው ሥር ላከችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከስፌት መኪናው ሥር የወደቀ አዝራር ስትፈልግ እንደምታደርገው።

«ገመድ አገኘሁ።»

«ተከተይው። ጫፉ ላይ ክብ ነገር አለ።»

«አለ። ጎኑ ላይ ደግሞ ምላስ የመሰለች ነገር አለች።»

«እሷን ተጫኚና ወደ ኋላ ሳቢ።»

ቀጭ አለ። ሦስት ቀን ያደከመው ነገር በግማሽ ደቂቃ ቀጭ አለ!

«እልልል!» አለች፣ አጥሩ ማዶ እስኪሰማ። «አየኸኝ? አየኸኝ ወይ?»

«ጎበዝ! እጅሽ ይባረክ! በይ አሁን ግቢና መጋረጃሽን ቀጥዪ፣ የቀረውን እኔ…»

«ምን ሲደረግ? እኔ ፈትቼው ሆዱን ሳላይ ልገባ?» ሰሌዳውን በሁለት እጇ ያዘች፣ ሳብ አደረገችው፣ ወጣ። ጭኗ ላይ አስቀምጣ ገለበጠችው።

ከጌጁ ጀርባ፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ ጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለች ነገር ቁጭ ብላለች። ሌላው ሁሉ ንጹሕ ነው። ያቺ ብቻ ፋሻ እንደታሰረ ጣት ጎልታ ትታያለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። «ከፋብሪካው የመጣ ነው።» ሦስት ቃል። ታምነው ነበር፤ ለምን አታምነው? የጌጅ ጀርባ የት ታውቃለች! አፉንም ከፍቶ ነበር። ነገር ግን ዓይኗን አየው። ደስ ብሏት፣ ጣቷን ፕላስተሩ ላይ አድርጋ፣ የሚነግራትን ሁሉ ልትማር ተዘጋጅታ ትጠብቀዋለች። አልቻለም።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ ምን?»

«እኔ ነኝ ያደረግኳት። ጌጁ አልተበላሸም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ልጃችን ትንሽ ሳለች። እንዳትፈሪ ብዬ።»

ሁሉንም ነገራት። ስለ ቡልቦዋ፣ ስለ ሬዚስተሯ፣ ስለዚያ እሁድ። ሌላ ጊዜ ታቋርጠው ነበር፤ አሁን አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ሰሌዳውን ወደ ብርሃን አዘነበለችው። ከዚያ ያልጠበቀውን ጠየቀችው።

«ሲግልብህስ? ያኔ ምን ታደርግ ነበር?»

«አቆም ነበራ።»

«መቼ ነው ያቆምከው? ከዚያ በኋላ እኮ አንድም ቀን…» ብላ ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። «ዳገቱ ላይ ያለው ትልቁ ጠፍጣፋ ድንጋይ» አለች ቀስ ብላ። «‹ቆይ እስቲ፣ ይሄን አገር ሳናይ አናልፍም› እያልክ የምታቆመው።»

ጋሽ ሽቦ አንገቱን ደፋ።

ያ ድንጋይ ለሷ ምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። በሄዱ ቁጥር እዚያ ያቆማል፣ ጃኬቱን ያነጥፍላታል፣ የጋራዡን ወሬ ያወራላታል። «መኪናዬ ይሰድበኛል» ብሎ መጥቶ ከወንበሩ ሥር የተረሳ ሬዲዮ የተገኘለትን ደንበኛ ታሪክ ስንት ጊዜ አስደግማዋለች! እንባዋ እስኪወርድ ትስቅ ነበር። ለጓደኞቿ «የኔ ባል እኮ መንገድ አቋርጦ ነው የሚያጫውተኝ፤ የማን ባል እንዲህ ያደርጋል?» እያለች ስታወራ በጆሮው ሰምቷል።

«ለኔ ብለህ አልነበረማ» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። «ለራዲያተሩ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ባሌ ያጫውተኛል እላለሁ፤ አንተ ለካ ሞተር እስኪበርድልህ ነው የምታወራው!»

«ኧረ እንደሱ አይደለም…»

«ታዲያ እንዴት ነው?»

እውነትም ያቆመው በጋለ ጊዜ ነበር፤ ይህን መካድ አይችልም። ሌላው ነገር ደግሞ እንዴት እንደሚነገር አላወቀውም። ሽቦ መቀጠል የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቃል መቀጠል አያውቅም፣ ምን ታደርጉታላችሁ! እሷም ሰሌዳውን እጁ ላይ አስቀምጣለት ገባች። ወዲያው የስፌት መኪናው ጩኸት ተሰማ፤ መጋረጃ ሳይሆን ጠላት የምትሰፋ ነበር የሚመስለው።

ጋሽ ሽቦ ያን ከሰዓት እንደ ሠራ በሕይወቱ ሠርቶ አያውቅም። ሬዚስተሯን ነቅሎ ጣላት። አዲስ ቡልቦ አመጣ፣ ከሞተሩ እስከ ጌጁ አዲስ ሽቦ ዘረጋ፣ ብየዳውን ሦስት ጊዜ አየው። ከዚያ ከወጥ ቤት ማንቆርቆሪያ ወሰደ፤ ቡልቦዋን ገና ሳይገጥማት በሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር አያይዞ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከራት። ቁልፉን አዞረ። ጠቋሚዋ ተንቀሳቀሰች! ቀስ እያለች፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ እጅ፣ ወጣች፤ መሃሉን አለፈች፤ ሦስት አራተኛው ላይ ቆመች። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከራት፤ ወረደች። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ያቺ ጠቋሚ እውነት ስትናገር ሲያይ፣ ያ ሁሉ ጭንቀት ሳለበት፣ ደስ አለው። ሞኝ አይደለም፤ ሙያው ነው። እንደገና ነከራት፣ አወጣት፣ ነከራት። የመስኮቱ መጋረጃ ገለጥ ብሎ ሲመለስ አየው፤ እሷም ታያለች ማለት ነው። የስፌት መኪናው ዝም ብሎ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ቁልፉን አንስታ «ና እንሞክራት» አለችው። ፊቷ ቅጭም እንዳለ ነው። አጠገቧ ተቀመጠ። በሰፈራቸው ጀርባ ያለውን አቀበት በሁለተኛ ማርሽ ያዘችው። ጠቋሚዋ ከታች ተነሳች፣ ሩቡን አለፈች፣ መሃል ደረሰች፣ ከመሃል ጸጉር የምታህል ከፍ አለች።

«አቁሚ!» ብሎ ጮኸ።

ማን? ጋሽ ሽቦ! የአርባ ዓመት የሙያ ሰው! ያቺን ጠቋሚ በገዛ መኪናው ስትንቀሳቀስ ካያት ስንት ዘመኑ፤ ዓይኑ ፈጦ፣ እግሩ ወለሉን ረግጦ፣ እጁ የበሩን መያዣ ጨብጦ ጮኸ።

«ምን ሆነሃል?» አለች፣ ሳትዞር። «ቀይ መስመሩ ጋ ካልደረሰች አይቆምም። አስተማሪዬ ነግራናለች።»

ትንሽ ቆይቶ ጠቋሚዋ ራሷ ወርዳ መሃል ላይ ረጋች። ሚስቱ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቋ መጥቶባታል፤ ግን ልትሰጠው አልፈለገችም፣ በአፍንጫዋ ብቻ አስወጣችው። ጋሽ ሽቦ እሷንም እንደ ሳቅ ቆጠራት። ምንም ከማጣት ይሻላል።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ አንዱ መጋረጃ ከኋላ ወንበር ላይ ተደረደረ። እሱ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ የክዳን መክፈቻ ወፍራም ጨርቅና ብዙ ምክር ይዞ ቆመ። «ከሦስት አራተኛ ካለፈች ጠርዝ ይዘሽ አቁሚ። የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነኪ፤ ቁልፉን ብቻ እያዞርሽ ጠቋሚዋን እያት፤ መሃል ድረስ ስትወርድ ሞተሩ በርዷል ማለት ነው። ውሃ ከጎደለም ያኔ በጨርቅ ይዘሽ…»

«እሺ» አለች። «ቢያንስ በራዲያተር ጉዳይ አምንሃለሁ።»

ይህችን ቃል ጥላበት ሄደች። መታጠፊያው ላይ ፍሬቻ አሳየች፣ መንገዱ ላይ አንድም መኪና ሳይኖር። ጋሽ ሽቦ ባዶው መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አልነግራችሁም ብል ደስ ባለኝ፤ የሚያሳፍር ነው። የበሩን ደወል ፈታ፣ ገጠመ። ያልተበላሸ ሬዲዮ ፈታ። በአርባ ዓመት ሙያው ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ አነሳ፣ የባትሪውን መጠን አየ፣ አስቀመጠ። ልጃቸው ደውላ «አባዬ፣ እማዬ ደረሰች?» ስትለው «መስመሩን አትያዢብኝ!» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋባት። አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ተኩል ሆነ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስልኩ ጮኸ።

«ደረስሽ?»

«ደርሻለሁ።»

«ተመስገን!» ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ጠቋሚዋስ?»

«ዳገቱ ላይ ሦስት አራተኛን አለፈች። አቆምኩ።»

«የት?»

«የት ይመስልሃል? ሌላ ማቆሚያ አለ እንዴ እዚያ? ድንጋዩ ጋ።»

ጋሽ ሽቦ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

«ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ» አለች። «አገሩን ላይ። ምን አየሁ መሰለህ?»

«ምን አየሽ?»

«ምንም! ምንም የለም እኮ! ፊት ለፊት የተቆረጠ ገደል ነው፣ ቀይ አፈር። አንድ የመብራት ምሰሶ አለ። የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ፣ እሱም ጀርባው ነው የሚታየው። አንተ ሰው፣ እኔ እኮ ለዚህ ቦታ ስንት አውርቻለሁ! ለእህቴ ‹እንዲህ ያለ ውብ ቦታ አይተሽ አታውቂም፣ ወስጄ አሳይሻለሁ› ብያት ነበር። አፈር ልታይ!»

እሱ ራሱ እዚያ ተቀምጦ አገሩን አይቶት አያውቅም። ፊቱን ወደሷ አዙሮ ነበር የሚቀመጠው።

«እና ቁልፉን እያዞርኩ ጠቋሚዋን ጠበቅኩ፣ እንዳልከኝ» አለች። «ሰዓት ይዤ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀባት ታውቃለህ?»

«ሃያ… ግፋ ቢል ሃያ አምስት።»

«ሃያ ሁለት። በሃያ ሁለት ደቂቃ መሃል ደረሰች። ስማኝ አሁን። እኛ እዚያ ድንጋይ ላይ ስንት ነበር የምንቀመጠው?»

ጋሽ ሽቦ አሰበ። ጥላው ከአንደኛው ጎናቸው ወደ ሌላው ሲዞር ትዝ አለው። ልጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝታ፣ ጠግባ፣ ስትነቃ ትዝ አለው።

«አንድ ሰዓት» አለ። «አንዳንዴ ሁለት።»

«ሞተሩ በሃያ ሁለት ደቂቃ ይበርዳል። ታዲያ የቀረውን ሰዓት ምን ትጠብቅ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ሐሙስ ብትጠይቀው ኖሮ አይመልሰውም ነበር። አሁን ግን መልሱ ሳይጠራው መጣ።

«ወሬው አላለቀማ» አለ። «አንቺም እየሳቅሽ ነበር። ሞተሩንማ ረስቼዋለሁ።»

ከወዲያ በኩል ድምፅ ጠፋ። የተቋረጠ መስሎት «ሃሎ? ሃሎ!» ማለት ጀመረ። ከዚያ ሰማት። መጀመሪያ ትንሽ፣ ቀጥሎ ሰፋ፣ ከዚያ ያቺ እንባዋን የምታስወርደው ሳቋ ሙሉ በሙሉ ወጣች። እህቷ ከኋላ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት ይሰማል። ጋሽ ሽቦም ብቻውን ቤት ውስጥ ቆሞ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

«ስማ» አለች ትንፋሿን ስትሰበስብ። «እዚህ አሥራ አንድ መጋረጃ የሚሰቅል ሰው ጠፍቷል። የሰባት ሰዓቱ አውቶቡስ ገና አልወጣም። ሰኞ አብረን እንመለሳለን፤ የምነዳው እኔ ነኝ፣ እግርህን ሰብስበህ ትቀመጣለህ። ድንጋዩ ጋ አቆማለሁ፣ ጋለም አልጋለም። ያንን አፈር ብቻዬን ማየት አልችልም።»

«እሺ» አለ ጋሽ ሽቦ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ይዞ፤ አንደኛውን ጫማውን አጥልቆ ሁለተኛውን አልጋ ሥር እየፈለገ ነበር።